ኡኡ ሲባል ማን ይደርሳል? ፖሊስ የሌለበት ደኅንነት በአናርኪስቶች እይታ

ስለዚህ ጉዳይ በአማርኛ ለመነጋገር የሚሞክር ሰው ገና በመጀመሪያው ቃል ይረታል። «አናርኪ» የሚለውን የግሪክ ቃል ብዙ ጊዜ የምንፈታው «ሥርዓተ አልበኝነት» ብለን ነው። እንዲህ ከፈታነው ወዲያ ሥርዓተ አልበኞች ሰላምን እንዴት ያስከብራሉ ብሎ መጠየቅ፣ ጎርፍ ማሳን እንዴት ይጠብቃል ብሎ እንደ መጠየቅ ይሆናል። ቃሉ በግሪክኛው የሚለው ግን «ገዥ አልባ» ነው። አናርኪስቶች ደንብን አይጠሉም፤ እንዲያውም ስብሰባቸው ላይ የተቀመጠ ሰው ደንብ እንደሚያበዙ ይታዘባል። የሚጠሉት ከሌሎች በላይ ቆሞ የሚያዝን፣ ትእዛዙንም በጉልበት የሚያስፈጽምን አካል ነው። ጀርመናዊው የማኅበራዊ ሳይንስ ሊቅ ማክስ ቬበር በ1919 መንግሥትን ሲተረጉም፣ በአንድ ግዛት ውስጥ በሕጋዊነት ጉልበት የመጠቀም መብት የእኔ ብቻ ነው የሚል አካል ብሎታል። የዚህ መብት እጅ ፖሊስ ነው። ስለዚህ አናርኪስቱ «ፖሊስ አያስፈልግም» ሲል የደንብ ልብሱ አላስጨነቀውም፤ ያስጨነቀው «የእኔ ብቻ» የሚለው ቃል ነው።

እኔ አናርኪስት አይደለሁም፤ ይህን የምጽፈውም ማንንም ለመመልመል አይደለም። ነገር ግን «ፖሊስ ከሌለ ማን ይጠብቀናል?» ብሎ በቅንነት የጠየቀ ሰው፣ «ፖሊስ ባለበትስ የሚጠብቀን ማን ነው?» የሚል ሌላ ጥያቄ ወዲያው ይከተለዋል። ሁለቱንም አብሮ ማየት ይሻላል። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖች፣ ወሮችና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የደንብ ልብስ የለበሰ፣ ደመወዝ የሚከፈለው፣ ሌት ተቀን የሚጠብቅና የሚያስር ቋሚ አካል ብዙዎቻችን ከምናስበው በላይ የቅርብ ጊዜ ፈጠራ ነው። ፓሪስ የፖሊስ ሹም የተሾመላት በሉዊ 14ኛ ዘመን፣ በ1667 ነው። ለብዙ አገሮች አርአያ የሆነው የለንደን ፖሊስ የተቋቋመው ደግሞ በ1829፣ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር በነበረው በሮበርት ፒል አማካይነት ነው። ከዚያ በፊት በእንግሊዝ ለብዙ መቶ ዓመታት ሲሠራበት የኖረው የኡኡታ ሕግ ነበር። በ1285 የወጣው የዊንቸስተር ድንጋጌ እንደሚለው ወንጀል ያየ ሰው ይጮኻል፤ ጩኸቱን የሰማ ሁሉ የያዘውን ሥራ ጥሎ ወንጀለኛውን የማሳደድ ግዴታ አለበት፤ ዘራፊውን ሳይዝ የቀረ አካባቢ ለተዘረፈው ሰው ካሳ ይከፍላል። በአሜሪካ ደቡብ ደግሞ ከፖሊስ በፊት የነበሩት፣ ካሮላይና ውስጥ ከ1704 ጀምሮ በሕግ የተቋቋሙት፣ ያመለጡ ባሪያዎችን የሚያድኑ ተዘዋዋሪ ጓዶች ናቸው።

አናርኪስቶች ይህን ታሪክ መተረክ ይወዳሉ። ሲተርኩት ግን አንዱን ክፍል ይዘሉታል። የታሪክ ተመራማሪዎች ከፍርድ ቤት መዛግብት እንደ ገመቱት፣ በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ከሕዝቡ ብዛት አንጻር በሰው እጅ የሚሞተው ሰው ከዛሬው በብዙ እጥፍ ይበልጥ ነበር። የኡኡታው መንደር የዋህ መንደር አልነበረም። ታሪኩ የሚያረጋግጠው ፖሊስ እንደ ዝናብና ፀሐይ የተፈጥሮ ነገር አለመሆኑን ነው፤ ከዚያ ያለፈ ነገር አያረጋግጥም።

አናርኪስቶች ወደ ዛሬው ሲመጡ የሚያደርጉት የመጀመሪያ ነገር «ፖሊስ» የሚለውን ቃል እንደ ጆንያ ፈትቶ ውስጡን መዘርገፍ ነው። ከጆንያው የሚወጣው ብዙ ዓይነት ነው። የመኪና ግጭት የሚመዘግብ፣ የጠፋ ልጅ የሚፈልግ፣ አእምሮው የታወከን ሰው የሚያረጋጋ፣ የተጣሉ ጎረቤቶችን የሚገላግል፣ ኪራይ ያልከፈለን ተከራይ የሚያስወጣ፣ ሰልፍ የሚበትን፣ የሥራ ማቆም አድማ የሚሰብር፣ ሚስቱን የሚደበድበውን ባል የሚያስቆም፣ ነፍሰ ገዳይ የሚፈልግ፤ ይህ ሁሉ የአንድ ሰው ሥራ ተደርጓል፣ ያም ሰው ሽጉጥ ታጥቋል። አናርኪስቶች ይህን ክምር በሦስት ይለዩታል። አንዱ ከመጀመሪያውም ለታጠቀ ሰው መሰጠት ያልነበረበት ነው፤ ለነርስ፣ ለሽማግሌ፣ ለመንገድ ሠራተኛ ይሰጥ። ሌላው ለባለንብረትና ለመንግሥት ጥቅም የቆመ ስለሆነ ይቅር። ሦስተኛው ቀሪው ነው፤ ሰው ሰውን ሲመታ፣ ሲደፍር፣ ሲገድል የሚደረገው።

ስለ መጀመሪያው ክፍል ብዙ መከራከር አያስፈልግም፤ ያለ አናርኪዝምም ተሞክሯል። በአሜሪካ ኦሪገን ግዛት፣ ዩጂን በምትባል ከተማ፣ ከ1989 ጀምሮ አንድ የሕክምና ባለሙያና አንድ የሥነ ልቦና ድጋፍ ሠራተኛ ያለ መሣሪያ በመኪና እየዞሩ ከሠላሳ ዓመት በላይ እንዲህ ላለው ጥሪ ሲደርሱ ኖረዋል። ካሁትስ ይባል የነበረው ይህ አገልግሎት በከተማዋ በ2025 የቆመው በገንዘብ እጥረት ነው። ሁለተኛው ክፍል የፖለቲካ አቋም ጉዳይ ነው፤ የግል ሀብትንና መንግሥትን በተመለከተ ካልተስማሙ አይስማሙበትም። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ሦስተኛው ነው። ፖሊስ የሚያስፈልገን ለምንድን ነው ብንባል ሁላችንም መጀመሪያ የምንጠራው እሱን ነው፤ አናርኪዝምም የሚፈተነው እዚያው ላይ ነው።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚባለው ተረት አናርኪስቶች ስለ ፖሊስ የሚሉትን በአራት ቃል ይጨርሰዋል። ፖሊስ በአብዛኛው የሚደርሰው ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው፤ ደርሶም ሁልጊዜ አይሳካለትም። በአሜሪካ በ2022 ከተፈጸሙት ግድያዎች ፖሊስ ፈታሁ ያለው ግማሽ ያህሉን ነው። ከዚህ የሚብሰው በዚያው አገር ኮሎራዶ ግዛት፣ ካስል ሮክ ከተማ በ1999 የሆነው ነው። አንዲት እናት ባሏ እንዳይቀርባት የሚያዝ የፍርድ ቤት እግድ በእጇ ነበር። ባልየው ሦስት ሴት ልጆቻቸውን ይዞ ጠፋ። እናትየዋ ሌሊቱን ደጋግማ ለፖሊስ ደወለች፣ ጣቢያውም ድረስ ሄደች፤ ጠብቂ ተባለች። ከመንጋቱ በፊት ባልየው ራሱ ወደ ጣቢያው መጥቶ ተኩስ ከፈተና ተገደለ፤ ልጆቹ መኪናው ውስጥ ሞተው ተገኙ። ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱ በ2005 የወሰነው፣ ፖሊስ እግዱን እንዲያስፈጽምላት የመጠየቅ ሕገ መንግሥታዊ መብት እንደሌላት ነው። «የሚጠብቀን ማን ነው?» የሚለው ጥያቄ ከዚህ ውሳኔ በኋላ የፈላስፋ ጨዋታ መሆኑ ቀርቷል።

ይሁን እንጂ እዚህ ላይ አናርኪስቶችን ማስቆም ያስፈልጋል። ፖሊስ ከወንጀሉ በኋላ ቢመጣም፣ ይመጣል የሚለው ፍርሃት ከወንጀሉ በፊት ይሠራል። ጥቅምት 7 ቀን 1969 የካናዳዋ ሞንትሪያል ፖሊሶች በደመወዝ ጥያቄ ሥራ አቆሙ። ከአንድ ቀን ባነሰ ጊዜ ውስጥ ባንኮች ተዘረፉ፣ የሱቅ መስታወቶች ረገፉ፣ እሳት ተነሣ፣ ሁለት ሰዎች ሞቱ። «የአባትህ ቤት ሲዘረፍ አብረህ ዝረፍ» ያሰኘው ቀን ነበር። በአንጻሩ የኒው ዮርክ ፖሊሶች በ2014 መጨረሻና በ2015 መጀመሪያ ጥቃቅን ጥፋቶችን ማሳደድ ለሳምንታት ሲያቆሙ፣ በኋላ የተደረገ ጥናት ከባድ ወንጀልን የሚመለከቱ አቤቱታዎች እንኳን ሊጨምሩ ቀንሰው እንደ ነበር አገኘ። ሁለቱ ገጠመኞች የሚጋጩ ይመስላሉ እንጂ የተለያየ ነገር ነው የሚለኩት። ኒው ዮርክ ውስጥ ገዳይን መፈለግ አልቆመም፤ የቆመው ጥቃቅኑ ነው። ሞንትሪያል ውስጥ ግን ሁሉም ባንድ ጊዜ ቆመ፣ በቦታውም የተተካ ምንም አልነበረም።

አናርኪስቶች ለሞንትሪያል መልስ አላቸው፤ መልሱም ውኃ የሚያነሳ ነው። መቶ ዓመት ሙሉ «አንተ አትንካ፣ ባለሙያ ይመጣል» ሲባል የኖረን ሕዝብ፣ አንድ ቀን ጠዋት ባለሙያው ቀርቷል ብለው ለብቻው ቢተዉት የሚፈጠረው ባዶ ቦታ ነው። ባዶ ቦታና አናርኪዝም አንድ አይደሉም። ክራንች ይዞ ሲሄድ የኖረን ሰው ክራንቹን ነጥቆ ሲወድቅ «አየህ፣ መራመድ አይችልም» ማለት እንደ ማስረጃ አይቆጠርም። ጥሩ፤ ታዲያ ሲራመዱ የታዩት የት ነው?

ምሳሌ ለመፈለግ የግድ አናርኪስት ወደሚባሉ ሰዎች መሄድ አያስፈልግም። በሰሜን ፔሩ ተራሮች፣ ካሃማርካ ውስጥ፣ ኩዩማልካ የምትባል መንደር ገበሬዎች በታኅሣሥ 29 ቀን 1976 ተሰብስበው ሌሊት በየተራ ለመጠበቅ ተስማሙ። ያስጨነቃቸው የከብት ሌባ ነበር። ፖሊስ ሩቅ ነው፤ ሲመጣም ብዙ ጊዜ ከሌባው ጋር ተካፍሎ ነው ይሉ ነበር። ጥበቃውን «ሮንዳ» አሉት፤ እኛም ሮንድ የምንለው የዚሁ ቃል ዘመድ ይመስላል። በሚቀጥሉት ዓመታት ነገሩ በሺህ ወደሚቆጠሩ መንደሮች ተዛመተ፤ የከብት ስርቆቱም እጅጉን ቀነሰ። ሌባው ከጠፋ በኋላ ሰዎቹ አልተበተኑም። የድንበር ክርክር፣ የብድር ክርክር፣ የባልና ሚስት ጠብ ወደ ሮንዳው ስብሰባ መምጣት ጀመረ። ፍርዱ የሚሰጠው በአደባባይ፣ ሁሉም እየተናገረ፣ አንዳንዴም እስኪነጋ ነበር። ጥፋተኛ ለተባለ ሰው ከቅጣቶቹ አንዱ ራሱ ዘብ መውጣት ነው፤ ዛሬ ከዚህ መንደር ጠባቂዎች ጋር ሌሊቱን ሲዞር ያድራል፣ ነገ ለሚቀጥለው መንደር ይተላለፋል። ይህ ቅጣት እኔን ሁልጊዜ ያስገርመኛል። ሌባውን ከሰው ለይቶ አያጉረውም፤ የሰረቀውን ሰው በረት እንዲጠብቅ ነው የሚያደርገው።

ሥራውን ያሠራው አወቃቀሩ ነው። ጠባቂው ደመወዝ የለውም። ዛሬ የሚጠብቀው ሰው ነገ የሚጠበቀው ነው። አለቃው የሚመረጠው በጠቅላላ ስብሰባ ነው፤ ካልሆነም በዚያው ስብሰባ ይወርዳል። አናርኪስቶች «ተራ፣ ምርጫ፣ ሽረት» የሚሏቸው ሦስት ልጓሞች እነዚህ ናቸው፤ ጉልበት የሚጠቀም ሰው ካስፈለገ እንኳ የጉልበት ባለሙያ የሚሆን ሰው እንዳይበቅል ለማድረግ የታሰቡ። ነገር ግን የፔሩን ሮንዳ በአበባ ብቻ መሸፈን ውሸት ይሆናል። አለንጋ ነበረ፤ በብርድ ሌሊት ውኃ ውስጥ መንከር ነበረ፤ ያላጠፋ ሰው ተገርፏል። መንግሥትም ውሎ አድሮ ሕጋዊ ዕውቅና ሰጣቸው፣ በ1993ቱ ሕገ መንግሥትም ስማቸው ገባ። ገበሬዎቹ ራሳቸው መንግሥትን ለማፍረስ አልተነሡም፤ ከብታቸውን ለማዳን ነው።

በሜክሲኮ ሚቾአካን ግዛት የምትገኘው ቼራን የዚህ ታናሽ እህት ናት። ደኗን የታጠቁ ሕገ ወጥ ቆራጮች እየጨፈጨፉ፣ የተቃወመውን እያፈኑና እየገደሉ ነበር። ሚያዝያ 15 ቀን 2011 ማለዳ፣ መጀመሪያ ሴቶች ወጥተው የእንጨት ጫኝ መኪኖችን አስቆሙ። የቤተ ክርስቲያን ደወል ተደወለ፤ ከተማው ወጣ። ከንቲባውም፣ ፖሊሱም፣ የፖለቲካ ፓርቲዎቹም ተባረሩ። በየመንገዱ ማዕዘን እሳት ነደደ፤ ጎረቤት በእሳቱ ዙሪያ ለወራት እያደረ ጠበቀ፣ አበሰለ፣ መከረ። በኋላ አራቱ ሰፈሮች እያንዳንዳቸው ሦስት ሦስት ሰው የሚወክሉበት የአሥራ ሁለት ሽማግሌዎች ሸንጎ ተቋቋመ። ግድያና እገታ እጅግ ቀነሰ፤ ደኑም እንደገና መተከል ጀመረ። ሆኖም ቼራን የራሷ የታጠቀ ዘብ አላት፤ ዘቡም ደመወዝ ይበላል፣ ገንዘቡም ከመንግሥት በጀት ይመጣል። ታዲያ ይህ «ፖሊስ የሌለበት ከተማ» ነው ወይስ «ፖሊሱን ራሱ የሚሾም ከተማ»? አናርኪስቶች ራሳቸው በዚህ አይስማሙም። እኔ ሁለተኛው ይመስለኛል፤ ያም ቢሆን ትንሽ ነገር አይደለም።

አሁን ወደሚከብደው እንምጣ። ፖሊስን በተራ ዘብ ተክተናል እንበል። ዘቡ ራሱ ጎበዝ አለቃ እንዳይሆን የሚከለክለው ምንድን ነው? በደቦ የሚሰጥ ፍርድስ ከፖሊስ ዱላ በምን ይሻላል? ይህን ጥያቄ ከአናርኪስቶች በተሻለ ያነሳው የለም፤ ምክንያቱም በራሳቸው ላይ ደርሷል። በሐምሌ 1936 በስፔኗ ባርሴሎና፣ በኋላ የአገሪቱ አምባገነን ከሆነው ከጄኔራል ፍራንኮ ጋር ያበሩ መኮንኖች ያደረጉት አመጽ ሲከሽፍ ጎዳናው የታጠቁ ሠራተኞች ሆነ፤ ብዙዎቹ አናርኪስት በሆነው የሠራተኞች ማኅበር በሴኤንቴ ሥር የነበሩ ናቸው። የድሮው ፖሊስ ተበታተነና «የቁጥጥር ጓድ» የሚባሉ የታጠቁ ቡድኖች ተተኩ። በዚያ በጋና መኸር ካታሎኒያ ውስጥ ቀሳውስት፣ ቀኝ ዘመሞች፣ ባለሀብቶች፣ አንዳንዴም በግል ቂም የተጠቆሙ ሰዎች ሌሊት ከቤታቸው እየተወሰዱ በሺዎች ተገደሉ። ግድያው የአናርኪስቶች ብቻ አልነበረም፤ እጃቸው ግን ነበረበት።

በዚያን ጊዜ ጆአን ፔይሮ የሚባል የመስታወት ሠራተኛ፣ ራሱ የሴኤንቴ ነባር መሪ፣ እዚያው ሆኖ በጽሑፍ ተነሣባቸው፤ በአብዮት ስም የሚገድልና የሚዘርፍ ሰው ነፍሰ ገዳይና ሌባ ነው ብሎ በራሱ ወገን ላይ መሰከረ። ፔይሮን በ1942 የገደለው ግን ፍራንኮ ነው። ከሁሉም በላይ የማስታውሰው የዚህን ሰው ታሪክ ነው። ከሩሲያ አብዮት በኋላ በኡክሬንም በአናርኪስቱ በኔስቶር ማኽኖ የሚመራው ገበሬ ሠራዊት የራሱን የስለላ ክፍል አቋቁሞ ነበር፤ ክፍሉ ያለ ፍርድ በመግደሉ ከማኽኖ ጋር አብረው የነበሩ አናርኪስቶች ሳይቀሩ ወቅሰውታል። በቅርቡ ደግሞ በ2020 የአሜሪካዋ ሲያትል ፖሊስ ከአንድ ጣቢያው ሲወጣ የፖሊስን ጭካኔ የሚቃወሙ ሰልፈኞች ጥቂት ጎዳናዎችን ከሰኔ 8 እስከ ሐምሌ 1 ያዙ። በዚያ ጊዜ የ19 እና የ16 ዓመት ሁለት ወጣቶች በጥይት ሞቱ። በቦታው ጠብመንጃ የያዙ በጎ ፈቃደኛ ጠባቂዎች ነበሩ፤ ማን እንደ መረጣቸው፣ ለማን እንደሚመልሱ ግን የሚታወቅ ነገር አልነበረም።

ከእነዚህ ሁሉ የሚወጣው ትምህርት በፔሩና በሲያትል መካከል ያለው ልዩነት ነው ብዬ አምናለሁ። የፔሩው ዘብ ስሙ፣ ቤቱ፣ ሚስቱ፣ አማቱ ይታወቃል፤ ነገ ስብሰባ ላይ ይጠየቃል። የሲያትሉ ጠባቂ ትናንት መጥቶ ነገ የሚሄድ ነው። የጣሊያኑ አናርኪስት ኤሪኮ ማላቴስታ ይህን ቀድሞ ያየው ይመስለኛል። ኅብረተሰብ ከሚያጠቃው ሰው ራሱን መከላከል አለበት የሚለውን አልካደም፤ ይፈራ የነበረው መከላከሉን ሥራዬ ብሎ የሚይዝ የተለየ ቡድን እንዳይፈጠር ነው፤ ሥራው ወንጀለኛ መያዝ የሆነ ሰው ወንጀለኛ እንዳይጠፋበት ይመኛልና። (እዚህ ላይ በአንዳንድ ጸሐፊዎች ዘንድ ፖሊስን እርስ በርሳቸው በሚወዳደሩ የግል ጥበቃ ድርጅቶች ስለ መተካት የሚነሣ ሐሳብ አለ። አብዛኞቹ አናርኪስቶች አይቀበሉትም፤ እኔም ለገንዘብ ባለው የሚያድር ዘብ ከገዥ በምን እንደሚለይ አይገባኝም።)

ይህ ሁሉ ስለ መንገድ ነው፤ ስለ ሌባ፣ ስለ ወንበዴ። የተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፅና የወንጀል ጉዳዮች ቢሮ እንደ ገመተው ግን በ2023 በዓለም ዙሪያ 51,100 ያህል ሴቶችና ልጃገረዶች የተገደሉት በባላቸው፣ በፍቅር ጓደኛቸው ወይም በቤተሰባቸው አባል ነው። ሆን ተብሎ ከተገደሉት ሴቶች ሁሉ ስድሳ በመቶ ያህሉ ማለት ነው። «በሬ ካራጁ ይውላል» ማለት ይህ ነው። በየማዕዘኑ እሳት አንድዶ የሚያድር ዘብ ለዚህች ሴት ምን ይፈይድላታል? አጥቂዋ ዘቡ መካከል ተቀምጦ እሳት እየሞቀ ሊሆን ይችላል። ስብሰባው ጓደኞቹ ናቸው። «ማኅበረሰብ» የሚለው ጣፋጭ ቃል እዚህ ላይ ይመርራል፤ ገበናን የሚሸፍነው፣ «ለልጆችሽ ስትይ ቻይ» የሚለው ያው ማኅበረሰብ ነውና።

ይህን መጀመሪያ የተናገሩት ራሳቸው የንቅናቄው ሴቶች ናቸው። በ1936 በስፔን «ሙሄሬስ ሊብሬስ»፣ ነጻ ሴቶች ማለት ነው፣ የተባለውን ማኅበር ያቋቋሙት፣ አደባባይ ላይ ስለ ነጻነት የሚደሰኩሩ ጓዶቻቸው ቤታቸው ሲገቡ ገዥ መሆናቸው ያንገበገባቸው አናርኪስት ሴቶች ነበሩ። በ2000 ደግሞ በአሜሪካ ጥቁርና ሌሎች ነጭ ያልሆኑ ሴቶች «ኢንሳይት» የተባለ ስብስብ መሠረቱ። ችግራቸው ከሁለት ወገን የመጣ ነበር። ፖሊስ ብትጠራ ባሏ ሊገደል፣ እሷ ራሷ ልትታሰር ወይም ከአገር ልትባረር ትችላለች፤ ባትጠራ ደግሞ እሷ ትሞታለች። ከዚህ ማጥ ለመውጣት እነሱና መሰሎቻቸው ለዓመታት የሞከሩት አሠራር በቀላሉ ሲገለጽ እንዲህ ነው። በተጠቂዋ ዙሪያ የምታምናቸው ጥቂት ሰዎች ይሰበሰባሉ፤ ማደሪያ ይፈልጉላታል፣ አብረዋት ይሄዳሉ፣ ልጆቿን ይይዛሉ። በአጥቂው ዙሪያ ሌላ ቡድን ይቆማል፤ ይህኛው አያባብለውም፣ አይደበድበውምም። የምትፈልገውን የምትወስነው እሷ ናት፤ ከቤት ይውጣ፣ እሷ ካለችበት አይድረስ፣ ያደረገውን በአፉ ይመን፣ መጠጡን ይተው፣ ለሚቀጥለዋ ሴት ይንገር። ቡድኑ ይህን ለወራት፣ አንዳንዴ ለዓመታት ይከታተላል።

ሲሳካ ፍርድ ቤት ሊሰጥ የማይችለውን ይሰጣል፤ ያጠፋው ሰው ማጥፋቱን ያምናል። ፍርድ ቤት ውስጥ ጠበቃው የሚመክረው ሁሉን እንዲክድ ነው። ብዙ ጊዜ ግን አይሳካም። ከሥራ መልስ በነጻ የሚደክሙት ሰዎች ይዝላሉ። ተወዳጁ፣ ተናጋሪው፣ ለንቅናቄው ብዙ የሠራው ሰው ሲከሰስ ጓደኞቹ ለሁለት ይከፈላሉ። አንዳንዱ ሁለት ስብሰባ ተቀምጦ ሌላ ከተማ ይሄድና እንደ አዲስ ይጀምራል። የተከሰሰው ሰው በእውነት ንጹሕ ከሆነ ደግሞ ይግባኝ የሚልበት ቦታ የለም፤ ሐሜት ፍርድ ይሆናል። አንዳንድ ጊዜም ተጠቂዋ ይቅር እንድትል በወዳጅ ቃል ትገደዳለች፤ ይህ በቁስል ላይ የሚጨመር ሌላ ቁስል ነው። ይህን ጉዳይ ባነበብኩ ቁጥር የአናርኪዝም ደካማ ጎን የምለው እዚህ ላይ ያለውን ነው። የመንግሥትም ደካማ ጎን እዚያው ላይ መሆኑን ካስል ሮክ አሳይቶናል።

አንድ ነገር ግን ለእነሱ መመስከር አለብኝ። ለተደበደቡ ሴቶች እስከ ዛሬ ከተገኙት መከላከያዎች ምናልባት ከሁሉ የበለጠው፣ ሸሽተው የሚገቡበት መጠለያ፣ የፖሊስ ፈጠራ አይደለም። በ1971 በለንደን ቺዝዊክ የተከፈተውና ለብዙዎች አርአያ የሆነው ቤት የጀመረው በሴቶች የግል ተነሣሽነት ነው፤ የመንግሥት ገንዘብ የተከተለው ቆይቶ ነው። በሰሜን ሶርያ በኩርዶች አካባቢም ከ2011 ጀምሮ «ማላ ጅን»፣ የሴት ቤት ማለት ነው፣ የሚባሉ ማዕከላት ተከፍተው ብዙ የቤት ውስጥ ጥቃት ጉዳዮች መጀመሪያ የሚታዩት በሴቶች ብቻ እንዲሆን ተደርጎ ነበር። ያልተፈታው ጉዳይ ወደ ፍርድ ቤት ይሄድ ነበር፤ አካባቢው የራሱ የጸጥታ ኃይልና እስር ቤትም ነበረው። ስለዚህ ንጹሕ ምሳሌ አይደለም። ነገር ግን ስብሰባው የባልየው ጓደኞች ከሆነ ሌላ ስብሰባ ፍጠሩ የሚለው መልስ፣ የሰማሁት የተሻለው መልስ ነው።

እምቢ ያለውስ? የማይመለሰው፣ ደጋግሞ የሚያጠቃው ሰው? ሁለት ዓመት በሩሲያ፣ ሦስት ዓመት ያህል በፈረንሳይ የታሰረው ሩሲያዊው አናርኪስት ፒዮትር ክሮፖትኪን እስር ቤትን የወንጀል ዩኒቨርሲቲ ብሎታል፤ አብዛኛው ወንጀል ከድህነትና ከንብረት የሚመነጭ ስለሆነ በፍትሐዊ ኅብረተሰብ ውስጥ ይከስማል ብሎ ያምን ነበር። አብዛኛው ይከስም ይሆናል። ቅናት፣ ጭካኔና እብሪት ግን ድህነት ሲጠፋ አብረው አይጠፉም። ለቀሪዎቹ ዛሬ ያሉ አናርኪስቶች የሚሰጡት መልስ ይለያያል። ደረጃ በደረጃ የሚጠነክር ቅጣት፣ ማግለል፣ ማባረር የሚሉ አሉ፤ የተባረረው ሰው ወዴት ይሄዳል፣ እዚያ ያሉትንስ ማን ያስጠነቅቃቸዋል ሲባሉ ይቸገራሉ። አንዳንዶቹ በጣም አደገኛ የሆነውን ሰው በእንክብካቤ ለይቶ ማኖር ይፈቀዳል ይላሉ። ስሙን እስር ቤት አይሉትም፤ በሩ የሚቆለፈው ከውጭ ከሆነ ግን ስሙ ብዙም አያስጨንቀኝም።

በካናዳዋ ሃሚልተን በ1994 የተጀመረው ሙከራ የማይታሰበውን አቅጣጫ ያዘ። ልጆችን በመድፈር ተፈርዶበት እስሩን የጨረሰ፣ ሰፈሩ ሁሉ የፈራው ሰው ወጣ። ሜኖናይት የሚባለው የፕሮቴስታንት ወገን አንድ ፓስተርና ጥቂት ሰዎች ከማባረር ይልቅ ከበቡት። በየቀኑ ያዩታል፣ ቡና ያጠጡታል፣ የት ነበርክ ይሉታል፣ ሲዋሽ ፊት ለፊት ይነግሩታል። አሠራሩ ከዚያ ወደ ሌሎች አገሮች ተስፋፋ፤ እንዲህ በተከበቡት ሰዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶችም ካልተከበቡት ይልቅ ወደ ጥፋት የተመለሱት ያነሱ መሆናቸውን አሳይተዋል። ሰዎቹ የሃይማኖት ሰዎች እንጂ አናርኪስቶች አይደሉም፤ ፖሊስና ፍርድ ቤትም ከበስተጀርባ አሉ። አናርኪስቶች ግን የእኛ ሐሳብ ሥጋ ለብሶ ሲሄድ የሚታየው እዚህ ነው ይላሉ።

በኮፐንሃገን መካከል የምትገኘውና በ1971 ሰዎች የድሮ የጦር ሰፈር አጥር ጥሰው የመሠረቷት ክርስቲያንያ ደግሞ ረጅሙን ፈተና ሰጥታለች። በ1979 ሄሮይን ሰዎቿን ሲጨርስ ነዋሪዎቹ ሻጮቹን አባረሩ፣ ሱሰኞቹን ወይ ታከም ወይ ውጣ አሏቸው፤ ከባድ ዕፅም ታገደ። ያለ ፖሊስ ተደረገ፣ ሠራም። ሐሺሽ ግን ተፈቅዶ ቀረ፤ የሐሺሹ ጎዳና ገንዘብ ሲበዛበት ወንበዴዎች ገቡበት፣ በ2016 እና በ2023 ጥይት ተተኮሰበት። የነዋሪው ስብሰባ በሁሉም ሰው ስምምነት ብቻ የሚወስን በመሆኑ ለዓመታት መወሰን አቃተው፤ የሚነግደውም፣ ነጋዴውን የሚፈራውም ጎረቤት ነበርና። በመጨረሻ ከከተማውና ከመንግሥት ጋር ተስማሙ። በሚያዝያ 2024 አንድ ቅዳሜ ነዋሪዎቹ ብረት ይዘው ወጡና የጎዳናውን ድንጋይ በእጃቸው ነቃቀሉት፤ ከውጭ የመጣውም ሰው አንዳንድ ድንጋይ ለማስታወሻ ይዞ ሄደ።